ብርድ እንዳይገባባት

(መሐል ሜዳ፣ በኅዳር ወር፣ ሊነጋጋ ሲል። ውርጭ ነጭ ባደረገው ግቢ ውስጥ አጥናፉ አሮጌ ሞተር ሳይክሉን ለማስነሳት ፔዳሉን ይረግጣል፤ ሚስቱ ስንዱ ባለ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ከአጠገቡ ቆማለች።)

ስንዱ፦ ትላንት ከሰዓት እንውጣ አላልኩህም? አላልኩህም ወይ?

አጥናፉ፦ ብለሻል። አሁን ትንሽ ዝም በይልኝ፣ ድምጿን ላዳምጥ።

ስንዱ፦ የምን ድምፅ? እሷ ዝም ብላለች፤ የምታቃስተው አንተ ነህ።

አጥናፉ፦ ውርጭ ነው እኮ ስንዱ! ሣሩን አታይውም? ብረት ደግሞ ከሣር ይብሳል። ይኸው ቾኩን ስቤላታለሁ። እንዲህ ሲበርድ አየሩን ይቀንስና ነዳጁን ያበዛላታል፤ አሁን ትነሳለች።

ስንዱ፦ ዳማ ቾክ አልነበራትም። «ነይ» ስላት ትመጣለች፣ ኮርቻ ጣል አድርጎ መንገድ ነው።

አጥናፉ፦ ደግሞ ጀመርሽ! በቅሎዋ ተሸጣለች፤ አለቀ።

ስንዱ፦ ማን ሸጣት? ራሷ ገበያ ወጥታ ተሸጠች?

አጥናፉ፦ እኔ ሸጥኳት! በዳማ ቢሆን ትላንት ወጥተን መንገድ ላይ ሰው ቤት ማደር ነበረብን። በዚች ግን ጎህ ሲቀድ ተነስተን ሞላሌ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ከች ነው።

ስንዱ፦ እሱን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። ውኃ ስቀዳ እንኳ «በሞተር ልትሄጂ ነው አሉ» ይሉኛል። ይኸው ጎሁም ቀደደ፣ እኛም ከግቢያችን አልወጣንም።

አጥናፉ፦ ኧረ ተነሽ የኔ እመቤት! ኡፍ... ይቺ ግራ እግሬ ደነዘዘች። ለመሆኑ አንዷን ካልሲዬን የት ጣልሽብኝ? ያችን የሱፏን? በባዶ እግሬ ነው ጫማ ያጠለቅሁት።

ስንዱ፦ እኔ የካልሲህ ዘበኛ ነኝ? የራስህን ዕቃ ራስህ ፈልግ። አጥናፉ፣ የምሬን ነው፤ የእህቴ ልጅ ዛሬ ሰማንያ ቀኗ ነው። ክርስትና የማነሳት እኔ ነኝ። ቅዳሴ ሳይገባ ካልደረስኩ ቄሱ እኔን ብለው አይጠብቁም፤ አጠገባቸው የቆመችውን ሴት «ነይ፣ ታቀፊ» ይላሉ፣ በቃ።

አጥናፉ፦ አውቃለሁ።

ስንዱ፦ አታውቅም! ከየሺ ጋር ከተኳረፍን ሁለት ዓመት አለፈን። የገዛ እህቴ ናት። አሁን እሷው ትታው «ክርስትና እናቷ ስንዱ ካልሆነች ሌላ ሰው አልፈልግም» ብላ ልካብኝ ብቀር ምን ትላለች? «እንቢ አለችኝ» ነው የምትለው። «ሞተር አልነሳ ብሏት ነው» የሚል ማን አለ?

አጥናፉ፦ አንቺ ነሽ ሰርጓ ላይ የቀረሽው። ባሏንስ ምን ነበር ያልሽው?

ስንዱ፦ አሁን እሱን ምን አመጣው?

አጥናፉ፦ «ይሄ ሰውዬ ዓመት አይቆይልሽም»።

ስንዱ፦ አልኩ! ይኸው ቆየ፣ ወለደም። አፌን ምን ላድርገው? አንተ እርገጥ ዝም ብለህ!

አጥናፉ፦ ቆይ እስቲ። ይሸትሻል? ነዳጅ ነዳጅ ይላል።

ስንዱ፦ ይሸተኛል። ጠጥታ ነው እንዴ ያደረችው?

አጥናፉ፦ በዝቶባታል። ቾኩን ስቤ ስረግጥ ስረግጥ ነዳጁ አጥለቅልቋት ካንዴላዋ ርሷል፤ እሳት የምትጭረው ይቺ ናት። ልፍታትና ምድጃው ዳር አድርገሽ አድርቂልኝ። ከፍሙ ላይ አይደለም፣ ዳር!

ስንዱ፦ ጉድ እኮ ነው። የሰው ሚስት በዚህ ሰዓት ልጇን ታሞቃለች፣ እኔ ካንዴላ አሞቃለሁ።

አጥናፉ፦ ጎሽ፣ አገላብጫት። ደረቀች?

ስንዱ፦ እንካ፣ እጄን ፈጀችኝ። እስቲ አሁን ደግሞ ምን ልታመካኝ ነው።

አጥናፉ፦ አሁን ቾኩን እመልሳለሁ፣ ጋዙን ሙሉ ለሙሉ እከፍትና... በስመ አብ... ኸ!... ኸ!

ስንዱ፦ ምንም።

አጥናፉ፦ አይቻለሁ።

ስንዱ፦ በስመ አብ ተብሎባትም አልነቃችም።

አጥናፉ፦ ገፍተን ነው የምናስነሳት። ነይ፣ ከበሩ ውጭ ቁልቁለት አለ። አንቺ ከኋላ ግፊ።

ስንዱ፦ በጥልፍ ቀሚስ? ለክርስትና ብዬ ያሰፋሁትን?

አጥናፉ፦ ከፍ አድርገሽ ታጠቂውና ግፊ! በርቺ! አዎ እንዲህ! ማርሽ አስገባሁ... ፍሪሲዮን ለቀቅሁ!

ስንዱ፦ ተነሳች? አጥናፉ! ተነሳች ወይ?

አጥናፉ፦ ተንገጫገጨችና ቀጥ አለች። የሚገርም ነው፤ የሆነ ነገር አንቆ የያዛት ነው የሚመስለው።

ስንዱ፦ በቃ። እዚህች ድንጋይ ላይ ልቀመጥ።

አጥናፉ፦ ቀሚስሽ ይበላሻል።

ስንዱ፦ ይበላሽ። ለማን ላሳየው ነው? ተወው አጥናፉ፣ እንቅር።

አጥናፉ፦ ምን?

ስንዱ፦ እንቅር አልኩህ። በእግር ብንሄድ ቀትር ይሆናል። አውቶቡሱም ሰው ሳይሞላ አይነቃነቅም። ደግሞስ ብንደርስ?

አጥናፉ፦ ብንደርስማ ክርስትና ታነሻለሽ።

ስንዱ፦ ምን ብዬ እገባለሁ? ሞገስ በር ላይ ቆሞ ይቀበለኛል። ዓመት አይቆይም ያልኩት ሞገስ፣ ልጁን ታቅፎ! የሺ ደግሞ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ሌሊቱን ሙሉ የመጀመሪያውን ቃል ስፈልግ ነው ያደርኩት፣ አላገኘሁትም።

አጥናፉ፦ ለዚህ ነዋ እንቅልፍ ያጣሽው። እኔ ደግሞ ሞተሯን ፈርተሽ መስሎኝ ነበር።

ስንዱ፦ ሞተር አልፈራም። የሺን ነው የፈራሁት።

አጥናፉ፦ የሺ እኮ ሳቂታ ናት። አንዴ ካሳቅሻት ቂሟ የት እንደገባ አይታወቅም። እናታችሁ ሲቆጧት እንኳ በአፍንጫዋ ፍርፍር ብላ እየሳቀች ታመልጥ ነበር ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?

ስንዱ፦ ነኝ። ግን በምን ላስቃት? ሁለት ዓመት የኮረፈች ሰው በምን ይስቃል?

አጥናፉ፦ ስሚ፣ ጥፋቱን በእኔ አድርጊው። «ያ ባሌ የማትረባ ሞተር ገዝቶ» በያት። ውሸትም አይደለም። የሚመጣው ቅዳሜ ገበያ አወጣታለሁ፤ በቅሎ እገዛልሻለሁ።

ስንዱ፦ ከልብህ ነው?

አጥናፉ፦ ከልቤ ነው። በዚህ አገር ብርድ ይቺ ነገር አትሆንም።

ስንዱ፦ እኔ ግን የብርዱ ነገር ግራ ገብቶኛል። ከየት ገባባት? ማታ እንደዚያ አልብሼ፣ ደፍኜ አሳድሬያት።

አጥናፉ፦ ጠዋት ላይዋ ያገኘሁትን ጋቢ ያለበስሻት አንቺ ነሽ?

ስንዱ፦ ሌላ ማን አለ? እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ወጥቼ ባያት ውርጩ ላይ ተገትራለች። አሳዘነችኝ። ዳማንስ በኅዳር አለብሳት አልነበር?

አጥናፉ፦ ስትሰድቢያት አይደል እንዴ የምትውዪው?

ስንዱ፦ ብሰድባትስ? ግቢዬ ውስጥ ያለ ነገር ብርድ ሲመታው ዝም ብዬ ልይ?

አጥናፉ፦ ቆይ ቆይ። «ደፍኜ» አልሽ። ምኗን ነው የደፈንሽው?

ስንዱ፦ አፏን ነዋ።

አጥናፉ፦ ሞተር አፍ አላት?

ስንዱ፦ ከኋላዋ ያለችው ቧንቧ! በዚያ ስትተነፍስ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ክፍቱን አድሮ ብርድ ቢገባባትስ? አንተስ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት በተከፈተ ቁጥር «ዝጉት፣ ብርድ ሊመታኝ ነው» እያልክ ሰው አታምስም?

አጥናፉ፦ ማርሚታዋን! ስንዱ፣ ማርሚታዋን! ጭሷ የሚወጣበትን! እሱ ከተዘጋ በየት በኩል ትተንፍስ?

ስንዱ፦ ታዲያ ጠዋት ይነሳላታል ብዬ እኮ ነው! ጋቢውን ስታነሳ አላየኸውም?

አጥናፉ፦ በምን ልየው? ጨለማ ነበር! ምን ወትፈሽባት ነው?

ስንዱ፦ እኔም በጨለማ ነው፤ ወንበሩ ላይ እጄ የገባውን ጨርቅ። ጥሩ ጨርቅ ነው፣ ይሞቃል። ሱፍ ነገር...

አጥናፉ፦ ሱፍ።

ስንዱ፦ ሱፍ... ወይኔ ጉዴ!

አጥናፉ፦ እስቲ ያችን ጭራሮ አቀብይኝ። ወደ ውስጥ ገብቷል... ያዝኩት... ና፣ ና... ይኸውልሽ! ተረከዙ በክር የተጠቀመ፣ የሱፍ፣ የግራ እግር።

ስንዱ፦ ኪኪኪ...

አጥናፉ፦ አትሳቂ! ጠዋቱን ሙሉ እግሬ ሲደነዝዝ እሷ ካልሲዬን ጎርሳ!

ስንዱ፦ እኔ ደግሞ... ኪኪኪ... «ዝም አለች» እያልኩ እሰድባታለሁ! አፏን ደፍኜ!

አጥናፉ፦ እኔም ካንዴላ አስጠብሻለሁ! ኧረ አታስቂኝ። ወደዚያ ፈቀቅ በይ። ጋዙን ከፈትኩ... ነዳጁ ይውጣላት... ኸ!... ኸ!

ስንዱ፦ አሳለች! አጥናፉ፣ አሳለች!

አጥናፉ፦ አንድ ጊዜ... ኸ! ሰማሽ? ሰማሽ ወይ?

ስንዱ፦ እልልልል! ሰፈሩ ሁሉ ይስማ! ተነሳች! በል ቶሎ፣ ቶሎ!

አጥናፉ፦ ረጋ በይ፣ ትንሽ ትሙቅ። አሁን ከተጣደፍን ታጠፋብናለች። ፀሐይ ገና ጫፏ ነው የወጣው፤ ቅዳሴ ሳይገባ እንደርሳለን። እንቅር ያልሽው ግን እንዴት ሆነ?

ስንዱ፦ ማነው እንቅር ያለው? ይልቅ ሳትወላገድ ንዳ። ጉድጓድ ውስጥ እንዳትከተኝ።

አጥናፉ፦ ቅዳሜስ? ገበያ ላውጣት?

ስንዱ፦ ምን አጠፋች? ያነቅኋት እኔ፣ የምትሸጠው እሷን?

አጥናፉ፦ እንግዲህ ውጪ። በደንብ ያዥኝ። ያንን ካልሲ ደግሞ ወዲያ ወርውሪው፤ ጥቀርሻ ሆኗል፣ ነጠላሽን ያበላሽብሻል።

ስንዱ፦ አልወረውርም! ሌሊቱን ሙሉ ያጣሁት የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስደርስ አፌን ሳልከፍት ካልሲውን ዘርግቼ አሳያታለሁ፤ የሺ በአፍንጫዋ ፍርፍር ካለች፣ ልጇን ራሷ ታሳቅፈኛለች። ንዳው!