ለአባባ የመስቀል ሥጋ

ከሶዶ ወደ ተበላ ከተማ በሚኒባስ ስንሄድ፣ ከፊቴ ከተቀመጡት ሁለት ሴቶች አንዷ በቆርቆሮ የታሸገ የበሬ ሥጋ ከዘንቢሏ አውጥታ አሳየች።

«ከአዋሳ ነው ያመጣሁት!»

«በስንት?»

«በአንድ ኪሎ ቁርጥ ዋጋ።»

«ይቺን ለምታክል ቆርቆሮ? ረከስ ያለ የለም?»

«አለ፤ ግን ቀምሼዋለሁ፣ ጅማት ብቻ ነው። ይሄ በጣት ይፈርሳል!»

«ለመስቀል በሬ ገዝታችሁ የለ እንዴ?»

«ገዝተናል። አባባ ግን ጥርስ የላቸውም። አምና ወንዶቹ ቁርጥ ሲበሉ እሳቸው ቢላዋ ይዘው ሲያዩ ዋሉ።»

«ውይ፣ አባባ!»

«ዘንድሮ ዳጣ እያጠቀሱ ከወንዶቹ እኩል ይበላሉ!»

«ቆርቆሮውን አይተው ቢስቁባቸውስ?»

«ይሳቁ! እሳቸው ‹ቢላዋዬን ስዬ እጠብቅሻለሁ› ብለውኛል!»

እኔ ከኋላቸው ሆኜ ጥርሶቼን በምላሴ አንድ በአንድ ስዳስስ ተበላ ደረስን።