ያጠብኩት ቀፎ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ መካነ ሰላም ውስጥ ስምንተኛ ክፍል የደረሰች ሴት እንደ ሐኪም ነበር የምትታየው። ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ ያው ትምህርቴ ነው ጉድ የሠራኝ። ይህን ለማንም፣ ለባሌም ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። አትሳቁብኝ እንግዲህ።

ጎረቤታችን አያ ደምሴ «ከራሴ ሰም የተሠራች አንዲት ጧፍ ለደብሬ ሳልሰጥ አልሞትም» ይሉ ነበር። ታዲያ ቀፎውን በእበት ለቅልቀው፣ ሽታው ንብ እንዲስብ በወይራ ጭስ አጥነው፣ መንገድ ዳር ካለው ጥድ ላይ ይሰቅላሉ። አንድ ዓመት ጉንዳን ገብቶ ንቡን አስወጣው፤ በሁለተኛው ነፋስ ቀፎውን ጣለው፤ በሦስተኛው መንጋው ገብቶ በሳምንቱ ነቅሎ ሄደ። ሚስታቸው እትዬ የሺ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ንቡም ጠላህ እኮ!» ሲሏቸው ይስቃሉ፤ «አምና ደጄንም አልረገጡ፣ ዘንድሮ ሳምንት ሰነበቱ። እየለመዱኝ ነው!»

በአራተኛው ዓመት የታጠነውን ቀፎ እኛ ደጅ አስቀምጠው ወፍጮ ቤት ሄዱ። እና እኔ፣ ንጽህና የተማርኩት፣ «እበት የተለቀለቀ ቤት ማን ይገባል?» ብዬ እጄን አስገብቼ ውስጡን በሳሙና ፈተግኩት። ደስ ላሰኛቸው ብዬ እኮ ነው! እሳቸው ደግሞ ጉንፋን ይዟቸው ስለነበር ሳያሸቱት ሰቀሉት።

ታዲያ መንጋው መጣ፣ በቀፎው አፍ ዞረ፣ ዞረ፣ ሽው ብሎ ሄደ። ሳሙናው እንደሆነ ወዲያው ገባኝና አለቀስኩ። እትዬ የሺ፣ «በቃህ፣ አሁንስ ተው!» አሉ። አያ ደምሴ ግን ለእሳቸው ያዘንኩ መስሏቸው፣ «አብሽሪ ልጄ! የዘንድሮዎቹን ብዛት አየሽው? ቤቱን አውቀውታል» ብለው እኔን አጽናኑኝ። እኔን! እንዲህ ያለ ልብ እስከ ዛሬ አላየሁም።

በማግስቱ ጠዋት ልነግራቸው ሄድኩ። አዲስ ቀፎና ገመድ ይዘው ከጥዱ ሥር ቆመዋል።

«ጉልበቴ እንቢ አለ፤ የሚወጣልኝ ሰው እየጠበቅኩ ነው» አሉ።

ልነግራቸው የሄድኩትን ትቼ ጥዱን አየሁት። ሴት ልጅ ዛፍ አትወጣም፤ ያውም በገበያ ቀን፣ ያውም እኔ፣ ሰው ቀና ብሎ ሲያየኝ የምደነግጠው። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ገመዱን ይዤ ወጣሁ። ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ፣ «የማን ልጅ ናት?» ይላል። አያ ደምሴ ደግሞ ከታች፣ ገና ዛሬ እንደጀመረ ሰው፣ «ከፍ! ትንሽ ከፍ!» እያሉ ይጮሃሉ።