ፈረንጁ ያደረቀው ቁጥቋጦ

ልጆቼ፣ አልዩ አምባ ሳለን አንድ ፈረንጅ እኛ ቤት አረፈ። ከአዳል በረሃ የለቀመውን የቁጥቋጦ ቅጠል በወረቀት መሃል አድርጎ፣ ድንጋይ ጭኖ ያደርቃል፤ ከወረቀቱ ግርጌም ይጽፍበታል። ባሌ ደግሞ በሆድ ቁርጠት ከተኛ ሰንብቷል። "ጌታዬ፣ ከዚህ ለባሌ ስጡልኝ" ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ።

"ባለመድኃኒት አይደለሁም፤ ለማየት ብቻ ነው" አለኝ። የእኛስ አገር ባለመድኃኒት መቼ አዎ ይላል? ቅጠሉን ከተናገረ ይረክስበታል እኮ። በካደ ቁጥር ይበልጥ አመንኩት። ሲሰለቸው ሊጥለው ካለው ስብርባሪ አንድ እፍኝ ሰጠኝ፤ ቀቅዬ አጠጣሁት። ባሌ በማግስቱ ተነስቶ ምሳ አምጪ አለ።

ይህን የሰማው ፈረንጅ ብዕሩን ይዞ እየሮጠ መጣና "የትኛው ቅጠል ነበረበት? እባክሽ አስታውሺ" ብሎ ለመነኝ። ባለመድኃኒት አይደለሁም ያለኝ የእውነቱን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ለባሌ ግን አልነገርኩትም፤ ብነግረው መልሶ ያመው ነበር።