ከሸክላ የተሠራችው የባሕር ላም

በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. በጥር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በጎንደር ከፒያሳ ወደ ቁስቋም ስወጣ አያ አላምረውን አገኘኋቸው። በሰፈሩ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። በጋቢያቸው የጠቀለሉትን ነገር ታቅፈው እየተቆጡ ይወርዳሉ።

«ደኅና አደሩ፣ አያ? ምን ይዘዋል?»

«ጉድ ነው የያዝሁት፣ መምህር! ከገደል ልጥለው ነው።»

ገልጠው አሳዩኝ። ገና እሳት ያልነካው የሸክላ እንስሳ ነው። አካሉ የወፈረ፣ ጅራቱ የዓሣ፣ በክንፉ ሥር ግልገሉን ያቀፈ።

«የወንድሜ ልጅ ለተ ማርያም ሥራ ነው። ምጥዋ ሁለት ዓመት አስተምራ ስትመለስ በእልልታ ተቀበልናት። አሁን ከካሰች ቤት ጭቃ ስታቦካ ትውላለች። የባላባት ልጅ ከሸክላ ሠሪ ቤት!»

በከተማችን ወጡን በሸክላ ሠሪዋ ድስት ሠርቶ የሚበላ ሁሉ ደጇን መርገጥ ይጸየፍ ነበር። ይህን ልናገር ስል ለተ ማርያም እጇ እስከ ክንዷ ጭቃ እንደሆነ ደረሰች። ለአጎቷ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች።

«አጎቴ፣ ከመጣልዎ በፊት ይስሙኝ። ይህች በቀይ ባሕር የምትኖር እንስሳ ናት። ሣር ትግጣለች፤ ልጇን ጡት ታጠባለች። የባሕር ላም ይሏታል።»

«ባሕር ውስጥ ሣር? ምነው ልጄ፣ ሽማግሌ ታታልያለሽ?»

«በዓይኔ አይቻለሁ። ዓሣ አጥማጆች በመረብ ይዘው ወደ ዳር ሲጎትቷት፣ ግልገሏ ውኃው እስኪያልቅ ድረስ ተከትላት መጣች። አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ በልጅነቱ በመንጋ ያያት እንደነበር፣ አሁን ግን በዓመት አንዲት ማግኘት ብርቅ እንደሆነ ነገረኝ። የባሕር ኤሊዎቹም እንቁላላቸው ከአሸዋው እየተለቀመ ዘራቸው ሊጠፋ ነው። እዚህ ለማስተምራቸው ልጆች ላሳያቸው ሥዕል ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ በእጄ ልሠራቸው ቆረጥሁ።»

«ጎንደር ባሕር የላት፤ ለኛ ምናችን ነው?»

እኔ ጣልቃ ገባሁ። «አያ፣ በጎልማሳነትዎ ከሳንጃ በታች ዝሆን ገድለዋል ይባላል።»

«ገድያለሁ!» አሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

«ዛሬስ በዚያ ዝሆን አለ?»

«የለም» አሉ። «ለልጅ ልጆቼ ኩምቢውን በእጄ ባሳያቸው ሳቁብኝ። አላመኑኝም።»

«እነዚህም እንደዚያ እንዳይሆኑ ነው የምትደክመው» አልኋቸው።

ሽማግሌው ግልገሏን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉ። «እሺ፤ ጭቃው ግን ለምን ከካሰች ቤት?»

«ብቻዬን የሠራኋቸው ሦስቱ እሳት ውስጥ ፈነዱ፣ አጎቴ። አፈሩን መምረጥ፣ ሆዱን ባዶ ማድረግ፣ ቀስ ብሎ ማድረቅ ያስተማሩኝ ወይዘሮ ካሰች ናቸው።»

«ዓይኗ ክፉ ነው ይላሉ።»

«ሁለት ወር ከመሶባቸው በላሁ፤ ይኸው ጤነኛ ነኝ። ይህችን ቢጥሏትም ነገ ሌላ እሠራለሁ።»

አያ አላምረው ወደ ገደሉ የጀመሩትን መንገድ ትተው ወደ ሸክላ ሠሪዋ ቤት አቀኑ፤ እኛም ተከተልናቸው። ወይዘሮ ካሰች ስታያቸው ደንግጣ ከመቀመጫዋ ተነሣች። እርሳቸው ጎንበስ ብለው ገቡ፤ የባሕር ላሟን በጥንቃቄ አስቀመጡና መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«ወይዘሮ ካሰች፣ ውኃ ጠምቶኛል።»

በዋንጫ ቀዳችላቸው። አንዲት ጠብታ ሳያስቀሩ ጠጡት። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እንጨትና ኩበት ተከምሮ ሸክላዎቹ ሲቃጠሉ ከአጠገቡ አልተነሡም። የባሕር ላሟ የጅራቷ ጫፍ ብቻ ተሰንጥቆ፣ ቀልታ ወጣች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ እርሷና አራት ኤሊዎች ተደረደሩ። ባሕር አይተው የማያውቁ ልጆች፣ በአገራቸው ውኃ ውስጥ ምን እንዳለና ቸል ቢሉት ምን እንደሚያጡ በእጃቸው ዳስሰው ተረዱ። ሙያ የሚንቅ ሕዝብ የእጁን ጥበብ እንደሚያጣ እኛ መምህራኑም ተማርን። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው የሸክላ ሠሪዋን ደጅ መርገጥ ጀመረ፤ ልጃገረዶችም ሳያፍሩ ሙያውን ለመዱ።

ሸክላዎቹ በታዩበት ዕለት ግን ለተ ማርያም አስተማሪዋን ወይዘሮ ካሰችን ወደ ሰሌዳው ፊት አመጣች። አያ አላምረው ከሁሉ ቀድመው ከወንበራቸው ተነሡ። ተማሪዎቹም ብድግ አሉና በአንድ ድምፅ፣ «እንደምን አደሩ፣ መምህርት!» አሏት።