ለቧንቧው እጁን ያወጣው

በደርግ ጊዜ ነው፤ ከደሴ ወደ ውጫሌ በሚሄድ አውቶብስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት የሐይቅ ከተማ እናት ጎናቸው ያለውን የቀበሌያቸውን ማኅበር ተመራጭ ይጠይቁታል።

«የዘንድሮው በጀት ለቧንቧው ሆነልን ወይ ልጄ?»

«ጓድ ሊቀመንበሩ ‹የስብሰባ አዳራሹ ይቅደም› አሉ። ጸደቀ፣ እማማ።»

«ያ ረቢ! ልጆቻችን የሐይቁን ውሃ እየጠጡ በተቅማጥ እያለቁ?»

«ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ለቧንቧው እጁን ያወጣ አንድ ሰው ጠፋ?»

«አንድ መምህር አወጣ።»

«ብቻውን?»

«ብቻውን።»

«አንተስ?»

«እኔማ ለአዳራሹ አወጣሁ። ልጆች አሉኝ እኮ።»

«የኛዎቹስ ልጆች አይደሉም?»

ተመራጩ ዞር ብሎ እኔን አየኝ።

«በል የመምህሩን ቤት አሳየኝ፤ ሄጄ ልመርቀው።»

«ከስብሰባው እንደወጣ ቤቱ አልገባም፣ እማማ።»

ሐይቅ ስንደርስ «ወራጅ አለ» ለማለት ያወጣሁትን እጄን መልሼ ጋቢዬ ውስጥ ከተትኩ።