አራት ጣት የምታህለው ክብ

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከተገጠመ ገና አሥራ አንድ ቀኑ በሆነው የኩሽናው የኳርትዝ ድንጋይ ካውንተር ላይ ነጭ ክብ ምልክት ተገኘ። «ትኩስ ድስት ያረፈበት ነው» ተባለ። በቤቱ ድስት የሚጥዱት አማትየዋ ናቸውና የዚያኑ ዕለት ከኩሽና ታገዱ።

እሑድ ጠዋት አማትየዋ ሳሎን ከልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ፤ መላጥ አልተከለከለም። በሳሎኑና በኩሽናው መካከል የነበረው ግድግዳ በእድሳቱ ፈርሷል። ምራትየዋ ጀርባዋን ሰጥታ ካውንተሩን ትወለውላለች። አማትየዋ ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም።

«እንዴት አደርክ ልጄ? እንቅልፍ ወሰደህ? እኔማ እንደ ሕፃን ተኛሁ... ሥራ የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? እየው እስቲ ብርሃኑን። ግድግዳው ሲነሳ ቤቱ እንዴት ሰፋ። አሁን ሰው የሚያወራው ሁሉ ይሰማል... ጥሩ ነው።

መቼም ምርጫ የሚያውቅ ሰው አለ። ሦስት ወር ሙሉ ናሙና ይዞ ከመስኮት መስኮት፣ ከመብራት መብራት። ጠዋት ምን ይመስላል፣ ማታስ? መጋጠሚያው የት ይውላል? ለድንጋይ እንዲህ የተጨነቀ ሰው... አንተን ለመምረጥ ስንት ቀን ነበር የፈጀበት? ሁለት ሳምንት? ይሁን፣ አንተ ናሙና አልነበረህም።

አያያዙስ ቢሆን። ለስላሳ ጨርቅ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና። ለብርጭቆው ማስቀመጫ፣ ለማስቀመጫው ምንጣፍ። እኔም ቆሜ ሳለሁ ከሥሬ የሚነጠፍልኝ ነገር ስጠብቅ ነበር... የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ። ድንጋዩም ዥንጉርጉር የተመረጠው እድፍ እንዲደብቅ ነው አሉ። ታዲያ ይሄኛውን መደበቅ አቃተው። ምስኪን፣ ድንጋይ ምሥጢር አይችልም።

እኔ አሮጊት ነኝ፣ ምን አውቃለሁ? ትናንት ከመባረሬ በፊት ዝም ብዬ ለካሁት። አራት ጣት። ትንሿን ድስቴን ለካኋት፤ ስንዝር ተኩል። በአራት ጣት ድስት ምን ይበስላል ልጄ? የድመት ሾርባ? ከዚያ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ጎንበስ አልኩ... ያ የተዘጋ ቧንቧ የሚከፍተው ኬሚካል፣ ሰማያዊው ጠርሙስ አለ አይደል? መቀመጫው አራት ጣት። አጋጣሚ ነው መቼም። ንጹሕ ሰው ቧንቧውንም ያጸዳል፣ ስሙንም ያጸዳል... የሰው ስም ቢያድፍ ግን ምን ቸገረው?

ምነው ዝም አልክ? ድሮ ዝምታ ወርቅ ነው ይሉ ነበር። ዘንድሮ ኳርትዝ ሆነ... ያብረቀርቃል እንጂ ትኩስ ነገር አይችልም።

ኧረ እኔ አልቀየምም። ያን ጠርሙስ እዚያ ያኖረች እጅ ትባረክ። ቁርጥማት አያግኛት። የሄደችበት ሁሉ አሻራዋ አይጥፋ፤ ከዚህ ቤትማ ዕድሜ ልኳን... የገባ የወጣው ሁሉ እያየ «የማን እጅ ናት?» ይበልላት። አሜን በል እንጂ።»

ልጅየው አሜን አላለም።

ሰኞ ድንጋይ ገጣሚው መጣ። ክቡን በጣቱ ዳበሰና ሙቀት እንዳልነካው፣ ኬሚካል እንደበላው ተናገረ። «ጠርሙሱን እዚህ ላይ ያስቀመጠው ማነው?» ሲል ጠየቀ። ምራትየዋ አማቷን አየች፤ አማትየዋም ምራታቸውን።

እጁን ያወጣው ልጅየው ነበር።