ጓዳ የሞላ አደራ

በ1977 ዓ.ም. የስድስተኛ ክፍል ፈተና ላስፈትን ከአርባ ምንጭ ወደ ጂንካ ተላክሁ። በጂንካ አራት ዓመት አስተምሬ ከተዛወርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። አውሮፕላናችን ሲቃረብ ጥበቃው እንደ ድሮው ከብቶቹን ከማረፊያው ሜዳ ሲያባርር በመስኮት አየሁ። ጎረምሳነቴን እዚያ ሣር ላይ ትቼው የሄድኩ ያህል ተሰማኝ።

ከሜዳው ገና ሳልወጣ «መምህር ተፈሪ! አንተ አምላክ፣ እርስዎ ነዎት?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የድሮ ጎረቤቴ እትዬ ያለምወርቅ ጃንጥላቸውን ጥለው እጃቸውን ዘርግተው መጡ። አገላብጠው ሳሙኝና ምሳ ካልበሉ ብለው ጎተቱኝ። ሲራመዱ መቀነታቸው ላይ የታሰሩት ቁልፎች ይንሿሿሉ። ድሮም ይንሿሹ ነበር፤ አሁን ግን በዝተዋል።

የቁልፎቹን ነገር ላስረዳ። በዚያ ዘመን የጂንካ መንገድ በክረምት ይዘጋል፤ የመንግሥት ሠራተኛ ሲዛወር የሚሄደው በአውሮፕላን ነው። አውሮፕላኑ ደግሞ ለአንድ ሰው ከሃያ ኪሎ በላይ አይጭንም። የተረፈው ዕቃ የት ይግባ? እትዬ ያለምወርቅ ባላቸው የሞተባቸው፣ ታማኝነታቸው የተመሰከረላቸው ሴት ናቸው፤ ቤታቸውም ለሜዳው ቅርብ ነው። «መኪና ሲገኝ አስወስደዋለሁ፣ አደራ» ይባላል፤ ቁልፉ ይሰጣቸዋል፤ ሰውዬው ይሳፈራል።

ደጃፉ ላይ ሐና የምትባል የክሊኒኩ ጤና ረዳት ቆማ ጠበቀችን። በአካባቢው ከሚኖረው የአሪ ሕዝብ የተገኘች የገበሬ ልጅ ናት፤ ወጣት ብትሆንም በሥራዋ ላይ ቀልድ አታውቅም።

«እማማ፣ ዛሬም አልወሰኑም?» አለች።

«እንግዳ ይዤ መጥቼ! መጀመሪያ ሰላም በይ እንጂ ልጄ።»

አፍራ እጅ ነሳችኝ። ወዲያውም እንደ ዳኛ አስቀመጠችኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱን። ልጃቸው ጥሩነሽ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ከቀይ አፈር ከተማ ትመጣለች። ጓዳው ውስጥ ሁለት አልጋ አለ፤ ሁለቱም ላይ የሰው ዕቃ ተኝቷል። መስኮቱ በሳጥን ተዘግቷል፤ አይጥ ይራባበታል። አራስና ጨቅላ እዚያ ይገባሉ?»

«የበኩር ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው» አሉ እትዬ ያለምወርቅ። «እኔም እናቴ ቤት ነው የወለድኳት። ከኔ ጋር መደቡ ላይ ትተኛለች።»

«ጥሩነሽ ምን ብላ ላከች? ጓዳው ካልተለቀቀ ካኮ ከተማ፣ አማቴ ዘንድ እወልዳለሁ አላለችም?»

እትዬ ያለምወርቅ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ጥሩነሽ አንድ ልጃቸው ናት።

ሐና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «ሞክረን ነበር፣ ጋሼ። በቀን አንድ ጥግ ብቻ እናጽዳ ተባባልን። ጠዋት ያወጣነውን ከሰዓት መልሰው አስገቡት።»

«ደመናውን አላየሽም? የሰው ዕቃ ዝናብ ይምታው?»

«ደግሞ ዓመት ሙሉ ማንም ያልነካው ዕቃ ይውጣ አልኩ።»

«እንዳይነካ አይደል እንዴ እኔ ዘንድ የተቀመጠው!»

ሳቄ መጣ። ግን መምህር ነኝና ምክር ሳልሰጥ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

«እትዬ፣ ሐና እውነቷን ነው» አልኩ። «ቤት የሚሠራው ሰው ሊኖርበት ነው። ዕቃቸውን ጥለው የረሱ ሰዎች እርስዎን እንዲህ ማስቸገር አልነበረባቸውም። ኃላፊነት የማይሰማቸው ናቸው።»

በንግግሬ ረክቼ ወንበሬ ላይ ተደላደልኩ። እትዬ ያለምወርቅ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ መቀነታቸውን ፈተው አንዲት ትንሽ ቁልፍ አወጡ።

«እንግዲያው ከእርስዎ እንጀምራ» አሉ።

«ከኔ?»

«መስኮቱን የዘጋው የእርስዎ ሳጥን እኮ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሐና «ምን ነበር ውስጡ?» ብላ ጠየቀችኝ። አላስታወስኩም።

ጓዳ ገባን። የመሬት ቀያሹ ብስክሌት፣ የእንስሳት ሐኪሙ ድስቶች፣ አንዱ ለማስታወሻ የገዛው የሐመር በርጩማ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፍራሽ እስከ ጣሪያው ተቆልለዋል። ሳጥኔን ከሐና ጋር ስናነሳው ክዳኑና ጎኑ ተነሣ፤ ታቹ መሬት ላይ ቀረ። ምስጥ በልቶታል። ደብተሮቼና አንድ ኮት የነበረ ነገር አፈር ሆነው ፈሰሱ።

እትዬ ያለምወርቅ ደረታቸውን መቱ። «በየክረምቱ ላስቲክ አለብሰው ነበር! የሰው ዕቃ አይከፈትም ብዬ አንድም ቀን ውስጡን አላየሁም። ወይኔ፣ አደራ በላሁ!»

«እርስዎ አልበሉም፣ እማማ» አለች ሐና ትከሻቸውን ይዛ። «ሳይከፈት፣ ፀሐይ ሳይመታው የተከመረ ዕቃ እንዲህ ነው የሚሆነው። የሌሎቹም ባለቤቶች ነገ ቢመጡ የሚረከቡት ይህንኑ ነው። አደራቸውን ለማዳን ብለን እናውጣው።»

እትዬ ያለምወርቅ ወደኔ ዞሩ። «መምህር፣ በእውነት ረስተውት ነበር?»

«ረስቼው ነበር፣ እትዬ።»

«እኔ አንድ ቀን አልረሳሁትም» አሉ።

በመጨረሻ መቀነታቸውን ጠቅላላ ፈተው ቁልፎቹን ሁሉ ሐና እጅ ላይ አስቀመጡ።

በማግስቱ ሁሉም ነገር ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ከሰፈሩ ሽማግሌዎች አቶ ዳርጌና አቶ ነጋሽ ምስክር ሆኑ። ባለቤቱ ከተማው ውስጥ ያለ ዕቃ በዚያው ቀን ተወሰደ። ሩቅ ላሉት እኔ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ዕቃው ለሁለት ወር ሽማግሌዎቹ ቤት እንዲቆይ፣ መልስ ካልመጣ ለችግረኛ እንዲሰጥ በእነሱ ፊት ተወሰነ። የተበላሸው ተቃጠለ። እኔ ሳልመለስ የደረሰው መልስ አንድ ብቻ ነበር፤ የእንስሳት ሐኪሙ «የምን ድስት?» ይላል።

ስሄድ እትዬ ያለምወርቅ ሜዳው ድረስ ሸኙኝ። ወገባቸው ድምፅ አልነበረውም። ያቺን ትንሽ ቁልፍ መዳፌ ላይ አኖሩ።

«እትዬ፣ ሳጥኑ እኮ የለም።»

«ቢሆንም ይረከቡኝ» አሉ።

ከወር በኋላ የሐና ደብዳቤ አርባ ምንጭ ደረሰኝ። ጥሩነሽ እናቷ ቤት ሴት ልጅ ወልዳለች። መስኮቱ በየጠዋቱ ይከፈታል፤ አይጡ ጠፍቷል፤ እትዬ ያለምወርቅም ከስንት ዓመት በኋላ መደቡን ትተው አልጋ ላይ መተኛት ጀምረዋል። ብስክሌቱን ቀያሹ ለሐና ሰጥቷታል፤ አሁን በሽተኛ ቤት ድረስ የምትሄደው በእሱ ነው። አዲስ ተዛዋሪ ዕቃ ሲያመጣ እትዬ ያለምወርቅ «የሚወሰድበትን ቀን ጻፍልኝ፣ እኔም እየከፈትኩ አናፍሰዋለሁ» ይላሉ አሉ።

እኔም ከዚያ ወዲህ ዓመት በመጣ ቁጥር ቤቴን አጸዳለሁ፤ ለሚፈልገው የሚሰጠውን እሰጣለሁ፣ የሚጣለውን እጥላለሁ። ከመሳቢያዬ ውስጥ ያቺ ቁልፍ ስትወጣ ግን እጄ ላይ ይዣት እቆይና መልሼ አስቀምጣታለሁ።